በአውቶቡስ እስከ ኪጋሊ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በጠባብ በጀት ዓለምን መዞር ከየት ይጀመር?

ዓለምን መዞር የሚፈልግ ወጣት ብዙ ጊዜ ሐሳቡን የሚጀምረው ከፓሪስ ወይም ከኒው ዮርክ ነው። ከዚያ የኤምባሲውን መስፈርት ያነባል። አብዛኛውን አውሮፓ የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻው ብቻ 90 ዩሮ ነው። ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም። የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ ኢንሹራንስ፣ የአውሮፕላን ትኬት ይቀጥላል። ሐሳቡ እዚያው ይቀራል።

እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ገንዘብ ለሚያጥረው ኢትዮጵያዊ ትልቁ ወጪ ምግብም ሆቴልም አይደለም፤ ቪዛና አውሮፕላን ነው። እነዚህን ሁለቱን የቀነሰ ሰው በጥቂት ገንዘብ ብዙ አገር ያያል። ለዚህ የሚመቸን አቅጣጫ ደቡብ ነው። በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ ከኬንያ ወደ ኡጋንዳ፣ ከዚያ ወደ ርዋንዳ። ሕንድ ውቅያኖስ፣ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣበት ቦታ፣ የኪጋሊ ኮረብታዎች፣ ሁሉም በየብስ የሚደረስባቸው ናቸው። የመጀመሪያ ጉዟችሁ ይህ ቢሆን ለቀጣዩም ልምድ ትይዛላችሁ፤ ፓስፖርታችሁም ላይ የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ይኖራል። በኋላ ሌላ ኤምባሲ ስትሄዱ ያ ማኅተም ይጠቅማል።

ደረጃ 1፦ ከካርታው በፊት ፓስፖርቱን እዩ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም። ርዋንዳ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት አባል አገራት ዜጎችን ያለ ክፍያ ለ30 ቀን ታስገባለች። በዚህ መስመር የሚከፈልበት የኡጋንዳ ቪዛ ብቻ ነው። ለአንድ ጊዜ መግቢያ 50 ዶላር ነው፤ የሚጠየቀውም በኢንተርኔት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለ ጥቅም ገንዘብ ያወጣል። «የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ» የሚባል አለ። 100 ዶላር ነው፣ ለ90 ቀን ያገለግላል፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ርዋንዳን በአንድ ያስገባል። ሲሰሙት ርካሽ ይመስላል። ግን ሁለቱ አገሮች ለኢትዮጵያዊ በነፃ ክፍት ናቸው። ስለዚህ 50 ዶላር የሚበቃውን በ100 መግዛት ነው። የሚያዋጣው አንድ ሁኔታ ላይ ነው። ከኪጋሊ በአውቶቡስ በኡጋንዳ በኩል የምትመለሱ ከሆነ ኡጋንዳ ሁለት ጊዜ ትገባላችሁ። ያኔ ሁለት የኡጋንዳ ቪዛም 100 ዶላር ስለሚመጣ ዋጋው እኩል ይሆናል፤ ድጋሚ ከማመልከት ያድናችኋል። ይህን ቪዛ የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚገባው ቪዛውን በሰጠው አገር በኩል መሆን እንዳለበት አትርሱ።

የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ይዛችሁ ከዲያስፖራ የምትመጡ ሒሳባችሁ ይለያል። ለእናንተ የሦስቱ አገር ቪዛ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

የመግቢያ ደንብ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ አሠራሯን ደጋግማ ለውጣለች። ከመነሳታችሁ ሳምንት በፊት የየአገሩን የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ራሳችሁ ክፈቱ። የመንግሥት መሆኑንም አረጋግጡ። ተመሳሳይ ስም ይዘው ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን በቅደም ተከተል

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። ባዶ ገጽም ይኑረው።

ቀጥሎ የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ይህን ወደ መጨረሻ አትግፉት። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የኡጋንዳን ቪዛ ስታመለክቱም የክትባት ካርዱን ስካን አድርጋችሁ እንድታስገቡ ትጠየቃላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ክትባት፣ ከዚያ ቪዛ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል አንድ ጊዜ የምታወጡት ወጪ ነው። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ ያዙት።

የፓስፖርቱን ፎቶ ገጽ፣ ቪዛውንና ካርዱን ኮፒ አድርጉ። አንድ ኮፒ በሻንጣ፣ አንዱ በስልክ፣ አንዱ ቤት ለቀረ ሰው። የመጀመሪያ ሌሊት የምታድሩበትን ቦታ ማስያዣም አትሙ። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ኬላ ላይ ክብደት አለው። የስልክ ባትሪ ደግሞ በረሃ መሃል ያልቃል።

ወባ ኪኒን የሚያስፈልጋችሁ እንደሆነ ሐኪም ጠይቁ። የአዲስ አበባ ሰው ወባ አይለምድም፤ የኬንያዋ ሞምባሳም የኡጋንዳዋ ጂንጃም ወባ አለባቸው።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡን መደልደል

እኔ የምነሳው ከዕለት ወጪ ነው። በዚህ መስመር ጠንቅቆ የሚይዝ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ዶላር ይበቃዋል ብዬ አቅዳለሁ። አልጋ ከ10 እስከ 15፣ ምግብ ከ6 እስከ 8፣ የቀረው ለከተማ ትራንስፖርትና ለመግቢያ። ናይሮቢ ትወደዳለች፣ ካምፓላ ታሳርፋለች። ለሦስት ሳምንት ወደ 600 ዶላር ያህል ነው። በዚህ ላይ የኡጋንዳ ቪዛ 50፣ ከአገር አገር ለሚያጓጉዙ አውቶቡሶች 100 ያህል ጨምሩ። ከዚህ ሁሉ ውጪ ለክፉ ቀን የማይነካ 150 ዶላር ለብቻው ይቀመጥ። ይህ ከሌለ ጉዞውን ማሳጠር ይሻላል እንጂ ያለ መጠባበቂያ መውጣት አይገባም።

ሒሳቡ የከበደባችሁ ኡጋንዳንና ርዋንዳን ተዉአቸው። አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ሞምባሳ፣ ከዚያ በመጡበት መመለስ። ለዚህ አንድም ቪዛ አይከፈልም። ለጀማሪ እኔ ይህን አስቀድማለሁ።

ዶላሩን ከባንክ ውሰዱ። ባንኮች ለጉዞ ዶላር ሲሸጡ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይጠይቃሉ። በየብስ ለሚሄድ ሰው ምን ማስረጃ እንደሚበቃ ባንካችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመመለሻ አውሮፕላን ትኬት ያለው ሰው ይቀለዋል። ዓለም አቀፍ ካርድ የሚሰጡ ባንኮችም ስላሉ ያንንም አብራችሁ ጠይቁ። የጎዳና መንዛሪ ጋ መሄድ ሕገ ወጥ ነው። ድንበር ላይ ደግሞ ሐሰተኛ ኖት የሚገጥመው እነሱ ጋ ነው።

ዶላሩን ስትቀበሉ የታተመበትን ዓመት እዩ። በምሥራቅ አፍሪካ የቆየ ኖት ወይ አይቀበሉም ወይ በዝቅተኛ ዋጋ ይመነዝራሉ። የተቀደደ ወይም የተጻፈበትም እንደዚያው። የ100 እና የ50 ኖት ከትንንሾቹ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ለሒሳብ እንዲመቻችሁ 1 ዶላር ወደ 130 የኬንያ ሺሊንግ፣ ወደ 3,600 የኡጋንዳ ሺሊንግ አካባቢ ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ የዕለቱን ዋጋ ግን በየቦታው አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ እስከ ሞያሌ

ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ እያለ ይወርዳል። በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ሐዋሳ ወይም ዲላ አንድ ሌሊት ማደር ወገብንም አእምሮንም ያሳርፋል። ሐዋሳ ያደረ ሰው ጠዋት አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ በልቶ ይነሳል፤ ይህም ከጉዞው ይቆጠራል።

የመንገዱን ጸጥታ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ዜና ብቻ አይበቃም። መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን አነጋግሩ። እነሱ የትላንቱን ያውቃሉ። መንገዱ ጥሩ አይደለም ካሏችሁ ቀኑን ግፉት። በቀን ብቻ ተጓዙ።

ስንቅ ያዙ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። ከሞያሌ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ምግብ ላይስማማችሁ ይችላል። ስንቁን ግን በፌስታል አትቋጥሩት። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017፣ ርዋንዳ ከ2008 ጀምሮ ፌስታል ከልክለዋል። ርዋንዳ ድንበር ላይ ሻንጣ ፈትሸው ያወጡታል። የጨርቅ ከረጢት ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ድንበሩ፣ ከዚያም እስከ ናይሮቢ

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ክፍል ነው።

ሞያሌ ከተማዋ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ግማሹ ኢትዮጵያ፣ ግማሹ ኬንያ። የአካባቢው ነዋሪ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ታያላችሁ። እናንተ ግን እንደ እነሱ ዝም ብላችሁ አትሻገሩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የሁለቱ አገር ሠራተኞች አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩበት የጋራ ኬላ ተመርቋል። እዚያ ትሄዳላችሁ። ኢትዮጵያ የመውጫ ማኅተም ትመታላችሁ፣ ኬንያ የመግቢያ። ሁለቱም መመታታቸውን ከመስኮቱ ሳትርቁ እዩ። የኬንያው ሠራተኛ ስንት ቀን እንደጻፈላችሁም አንብቡ። መቆየት የምትችሉት የተጻፈውን ያህል ብቻ ነው።

አንድ ሰው ቀርቦ «ፓስፖርቱን ስጡኝ፣ እኔ አስመታላችኋለሁ» ቢላችሁ አትስጡ። «ማኅተም አያስፈልግም፣ በዚህ በኩል እናሳልፋችሁ» ካለ ደግሞ ደላላ ነው። ከእሱ ራቁ።

ለምን እንደዚህ አጥብቄ እናገራለሁ? ይህ መስመር ወጣቶቻችንን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስዱ ሕገ ወጥ አሻጋሪዎች የሚጠቀሙበት ነው። የኬንያ ፖሊስ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ እስኪገባ ድረስ ኬላ ይበዛል። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ፖሊስ ይወጣል፣ ሐበሻ የመሰለውን ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃል። ማኅተም የሌለው ሰው ይወርዳል፣ ይታሰራል፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ማኅተም ያለው ሰው ሕጋዊ መንገደኛ ነው። ልዩነቱ ያ አንድ ማኅተም ነው።

ስለዚህ ፓስፖርቱ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወይም ሆድ ውስጥ ባለ ሻንጣ አይግባ። ሰውነታችሁ ላይ ይሁን። ማኅተሙ ያለበትን ገጽ ቀድማችሁ ክፈቱና ስጡ። ወዴት ትሄዳላችሁ ሲሏችሁ የሆቴል ማስያዣውን አሳዩ፣ መቼ እንደምትመለሱ ተናገሩ። በእርጋታና በአክብሮት። አንዳንዱ ወረቀታችሁ ሙሉ ሆኖም ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። ማኅተሙን በድጋሚ አሳዩ፣ ክፍያ ካለ ደረሰኝ እንደምትፈልጉ በትሕትና ተናገሩ፣ አትቸኩሉ። የሚቸኩል ሰው መክፈል ይቀናዋል። የማታውቁትን ሰው ዕቃ አትያዙ፣ «ይህችን ፌርማታ ላይ ለወንድሜ ስጥልኝ» ቢላችሁም። ጫትም ድንበር አታሻግሩ። ኬንያ ውስጥ በገበያ የሚሸጠው ርዋንዳ ውስጥ ያሳስራል።

ከሞያሌ ናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ ቀናት የሚፈጅ አቧራማ መንገድ ነበር፤ አሁን አስፋልት ስለሆነ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይወስዳል። ድካም ካለባችሁ ማርሳቢት ላይ ውረዱና እደሩ። በበረሃው መሃል በደን የተሸፈነ ቀዝቃዛ ተራራ ነው። አብዛኞቹ አውቶቡሶች የሚያበቁት ኢስሊ ሰፈር ነው። ኢስሊ ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም፣ አማርኛም ይሰማል። ሌሊት ከደረሳችሁ ግን በእግር አትንከራተቱ። አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ያለ አልጋ ያዙ፣ ሲነጋ ወደፈለጋችሁበት ትሄዳላችሁ።

ደረጃ 6፦ ናይሮቢ

የመጀመሪያው ሥራ ሲም ካርድ ነው። ፓስፖርት ይዛችሁ የሳፋሪኮም ሱቅ ግቡና ቁጥር አውጡ፣ ኤም-ፔሳም አብረው ይክፈቱላችሁ። ኤም-ፔሳ ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ። ጉልት ላይ ሙዝ የምትሸጥ እናት እንኳ በእሱ ትቀበላለች። ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከመዞር ያድናል፣ ናይሮቢ ደግሞ ኪስ አውላቂ አላት። ስልካችሁን መንገድ ዳር ቆማችሁ አትነካኩ፤ ሱቅ ግቡና እዩ።

መኪና በግራ ነው የሚሄደው። መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ኡጋንዳም እንዲሁ ነው፤ ርዋንዳ ስትገቡ እንደ እኛ ይሆናል።

የሰዓት ነገር ብዙ ሰው አውቶቡስ ያሳመልጠዋል። ትኬት ላይ የሚጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ትኬቱ 8:00 ጠዋት ካለ የእኛ 2 ሰዓት ነው። ኬንያውያን በስዋሂሊ ሲያወሩ ግን ልክ እንደ እኛ ከንጋት ይቆጥራሉ። ስለዚህ ሹፌሩ በእንግሊዝኛ አንድ ቁጥር፣ በስዋሂሊ ሌላ ቁጥር ሊነግራችሁ ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ወረቀቱ ላይ ያለውን በጣታችሁ እያሳያችሁ ጠይቁ። ርዋንዳ ደግሞ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ለማደር ሆስቴል ፈልጉ። አንድ ክፍል ውስጥ ከአራት እስከ ስምንት ሰው የሚያድርበት፣ የጋራ ማብሰያ ቤት ያለው። ኪሊማኒና ዌስትላንድስ ሰፈሮች ይገኛሉ። ስቴት ሃውስ መንገድ ላይ ያለው የወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማኅበር (ወ.ወ.ክ.ማ.) ማረፊያም ለዘመናት ተጓዥ ያሳድራል። ሴት ብቻዋን የምትጓዝ ከሆነ የሴቶች ክፍል ያለውን ምረጪ፤ የቀድሞ አዳሪዎችን አስተያየት አንብቢ፤ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ ሰፈሩን አስቀድሚ። ማብሰያ ቤት ካለ ገበያ ወርዳችሁ ራሳችሁ አብስሉ። ምግብ ላይ ትልቁ ቅናሽ ከዚያ ነው የሚገኘው።

ውጪ ስትበሉ ሠራተኛው የሚበላበትን ቤት ፈልጉ። ቪባንዳ ይሏቸዋል፣ ከቆርቆሮ የተሠሩ ትንንሽ ምግብ ቤቶች። ኡጋሊ ከሱኩማ ዊኪ ጋር፣ ይህ ማለት ከበቆሎ ገንፎ ጋር የእኛኑ የመሰለ ጎመን። ቻፓቲ፣ ማለትም ስስ ቂጣ፣ ከቦሎቄ ጋር። በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለ ጊዘሪ። ጾመኛ በዚህ አገር አይራብም፤ በዘይት የሚሠራ፣ ሥጋ የሌለው ምግብ ሞልቷል። ዋጋ ስትጠይቁ «ቤይ ጋኒ?»፣ ትንሽ ቀንሱልኝ ለማለት «ፑንጉዛ ኪዶጎ» በሉ። እንጀራ ሲናፍቃችሁ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፤ ግን ከቪባንዳ እጥፍ በላይ ስለሚሆን ለእሁድ አቆዩት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰውም የአገሩን ሰው ያገኛል፣ የትኛው ሰፈር እንደሚረክስ የሚነግረው አያጣም።

ለማየት ካሩራ ደን ሂዱ። ዋንጋሪ ማታይ ከባለ ሥልጣናትና ከሕንፃ ሠሪዎች ጋር ተሟግታ ያዳነችው ደን ነው፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝታለች። በአነስተኛ መግቢያ ቀኑን ሙሉ ይኬድበታል። ማሳይ ማራን ግን በዚህ በጀት እርሱት። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባለው የፈረንጅ ወራት ለውጭ ሰው የቀን መግቢያው 200 ዶላር ነው፣ መኪናው ሳይቆጠር። የሜዳ አህያና ቀጭኔ በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ናይቫሻ አጠገብ ያለው ሄልስ ጌት ፓርክ አለ። በብስክሌትና በእግር ይገባበታል፣ መኪና መከራየት አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ ባሕሩን ማየት

ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር ሂዱ። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተ ነው፣ አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ኢኮኖሚ ክፍሉ 1,500 ሺሊንግ ነው፤ ወደ 12 ዶላር መሆኑ ነው። ባቡሩ በፃቮ ፓርክ መሃል ስለሚያልፍ በመስኮት ዝሆን የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ለእኔ ከአገሩ ሁሉ ርካሹ ሳፋሪ ይህ ነው። የቀን ጉዞውን ምረጡ። ትኬቱን ቀናት አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ ይሞላል። ጣቢያው ከከተማ ውጪ ሲዮኪማው ነው። ፍተሻው ረጅም ስለሆነ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

ሞምባሳ አሮጌው ከተማ በእግር ይታያል። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ የሠሩት ፎርት ጂሰስ እዚያው ነው። ለመዋኘት ወደ ዲያኒ ሂዱ። በማታቱ (በሚኒባስ ታክሲ) እስከ ሊኮኒ፣ ሊኮኒ ላይ ጀልባው ለእግረኛ ነፃ ነው፣ ከማዶ ሌላ ማታቱ ይዛችሁ ኡኩንዳ ትወርዳላችሁ። የባሕር ዳርቻው የሁሉም ነው፤ ሆቴሎቹ መካከል ባለው የሕዝብ መተላለፊያ ግቡ እንጂ አትክፈሉ። ፀሐዩና እርጥበቱ ለደጋ ሰው ይከብዳል፣ ውሃ አብዝታችሁ ጠጡ።

ደረጃ 8፦ ጂንጃ፣ ከዚያ ካምፓላ

ከናይሮቢ ካምፓላ የሌሊት አውቶቡስ ያዙ። የአንድ ሌሊት አልጋ ታተርፋላችሁ። ሌሊቱን ቡሲያ ወይም ማላባ ድንበር ላይ ወርዳችሁ ማኅተም ታስመታላችሁ። አውቶቡሱ እንዳይጥላችሁ የታርጋውን ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ከጎናችሁ የተቀመጠውንም ሰው ተዋወቁት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ አውቶቡሱ ካምፓላ ከመግባቱ በፊት በጂንጃ ያልፋል። ጂንጃ ላይ አውርደኝ በሉት። ካምፓላ ደርሶ 80 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ከመመለስ ይሻላል። ጂንጃ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣባት ከተማ ናት። ጣና ዳር የቆመ ኢትዮጵያዊ እዚህም ሊቆም ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ የተነሳው ውሃ ካርቱም ላይ ከእኛው ጋር ይገናኛል። ጀልባ ለብቻ ስትከራዩ ውድ ነው። ወንዙ ዳር ጠዋት ሄዳችሁ ሌሎች መንገደኞችን ጠብቁና ተካፈሉ፣ ዋጋውንም ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ።

ካምፓላ ጫጫታዋ ይበዛል፣ ሰዉ ግን ተግባቢ ነው። የሞተር ታክሲ በስልክ አፕሊኬሽን እዘዙ፣ ዋጋው ይታወቃል፣ ሄልሜትም ይሰጣሉ። መንገድ ዳር ሮሌክስ ብሉ። ቻፓቲ ውስጥ የተጠቀለለ እንቁላል ነው፣ አንዱ ለቁርስ ይበቃል። ምሳ ማቶኬ፣ ማለትም የበሰለ አረንጓዴ ሙዝ፣ በኦቾሎኒ ወጥ።

ደረጃ 9፦ ኪጋሊ

ከካምፓላ ኪጋሊ በጋቱና በኩል ዘጠኝ አሥር ሰዓት ነው። በቀን ሂዱ። ደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ውስጥ በእርከን የታረሱት ኮረብታዎች እንዲያመልጧችሁ አልፈልግም።

የሞተር ታክሲ ላይ ሄልሜት ግዴታ ነው። ወሩ ባለቀ የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቡ ሁሉ ለኡሙጋንዳ ይወጣል፣ የጋራ የአካባቢ ሥራ ነው። እስከ ረፋድ ድረስ ሱቅም ትራንስፖርትም ስለማይገኝ የጉዞ ቀናችሁ በዚያ ጠዋት አይዋል። ለማደር የቤተ ክርስቲያን እንግዳ ማረፊያዎችን ጠይቁ፤ ንጹሕ፣ ጸጥ ያሉና ከሆቴል የረከሱ ናቸው። ለምሳ ሜላንዥ የሚሉትን ቡፌ ፈልጉ። አንድ ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ ማቶኬ፣ ጎመን የቻላችሁትን ትጭናላችሁ። ሥጋው ብቻ በቁጥር ነው።

ጊሶዚ ያለው የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ መግቢያው ነፃ ነው። ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች ያረፉበት ነው። ግማሽ ቀን ስጡት፣ በዚያ ቀን ሌላ ነገር አትያዙ። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እንዴት እንደተነሳ፣ ሬዲዮ ምን እንደሠራ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። እኛ ያለንበትን ጊዜ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ማየቱ ቀላል አይደለም፤ ግን ከጠቅላላው ጉዞ ይህን አትዝለሉ እላለሁ። ፎቶ ማንሳት ወደማይፈቀድባቸው ክፍሎች ስትገቡ ስልኩን ኪስ አድርጉ።

ጊዜ ከተረፋችሁ በአውቶቡስ ወደ ኪቩ ሐይቅ ውረዱ። ለኮንጎዋ ከተማ ለጎማ ቅርብ ከሆነችው ጊሴኒ ይልቅ ካሮንጊን ምረጡ፤ ድንበር ማዶ ያለው የኮንጎ ጦርነት ገና አልበረደም።

መመለሻ

ሁለት ምርጫ አለ። በአውቶቡስ በመጣችሁበት መመለስ፣ ወይም ከኪጋሊ አዲስ አበባ በአንድ አቅጣጫ ትኬት መብረር። አውቶቡሱን የሚመርጥ ሰው የድጋሚ የኡጋንዳ ቪዛውን፣ የየሌሊቱን አልጋና የመንገዱን ምግብ ደምሮ ከትኬቱ ጋር ያስተያይ። ትኬቱን ከጉዞው በፊት ብትቆርጡት ይሻላል። ባንክ ዶላር ሲሸጥላችሁ ያግዛል፤ ድንበር ላይም መቼ ትመለሳላችሁ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

የኬንያን ሺሊንግ ኡጋንዳ ድንበር ላይ፣ የኡጋንዳን ሺሊንግ ርዋንዳ ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱት። የርዋንዳ ፍራንክ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የሚመነዝርላችሁ አታገኙም፤ ኪጋሊ ከተማ ውስጥ መልሳችሁ ወደ ዶላር ቀይሩት፣ ለአየር ማረፊያ መሄጃ የሚበቃውን ብቻ አስቀሩ።